በሐጂ አማን ፒክአፕ ላይ ያዞርኩት ሩብ ዙር

ጋራዥ የገባሁበት የመጀመሪያው ቀን ሰኞ ነበር። ጋራዡ አዳማ ውስጥ፣ ወደ ወለንጪቲ በሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ መሬቱ በዘይት የጠቆረ ሰፊ ግቢ ነው። የተቀጠርኩት የመሣሪያና የመለዋወጫ መጋዘን ጠባቂ ሆኜ ነው። በእጄ የሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዣለሁ፤ በእግሬ ነጭ ጫማ አድርጌያለሁ። ባለቤቱ ጋሽ ታፈሰ ጫማዬን አዩና «ልጄ፣ ነገ ሌላ አድርጊ» አሉኝ። ከዚህ ሌላ መመሪያ አልሰጡኝም።

ከምሳ በፊት ዋናው መካኒክ ከመኪና ስር እጁን ዘርግቶ «ካቻቪቴ!» አለ። መደርደሪያውን ዞር ዞር ብዬ አየሁና ፒንሳ አቀበልኩት። እጁ ከመኪናው ስር ገባ፤ ትንሽ ቆይቶ ፒንሳው ተመልሶ ወጣ። «እህቴ፣ ይሄ የሚነክስ ነው። እኔ የፈለግሁት የሚያዞር ነው» አለኝ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን የዚያኑ ዕለት የመሣሪያዎቹን ስም ከነቁጥራቸው በደብተር ጽፌ ማጥናት ጀመርኩ። መካኒኩ ግርማ ይባላል። በሁለተኛው ዓመት አገባሁት።

ጋሽ ታፈሰ ሲደክማቸው ጋራዡን ለእኛ አስረከቡ። ግርማ ሥራውን ያስተማረኝ ጆሮ አለሽ ብሎ ነው። ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚጨምቀው ቱርቦ ጤነኛ ሲሆን የሚያሰማው ፉጨትና ቱቦው ተሰንጥቆ አየር ሲያፈስ የሚያሰማው ትንፋሽ ይለያያሉ። ልዩነቱን ኮፈን ሳይከፈት እነግረው ነበር። ከመጋዘን ጠባቂነት ወደ ረዳት መካኒክነት፣ ከዚያም የቱርቦ ሥራ ኃላፊነት ላይ ደረስኩ። ደንበኞች ግን ቱታ ለብሼ ሲያዩኝም «መካኒኩ የለም እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

ጉልበት ጨምሩልን ብለው የሚመጡት እሽቅድምድም የሚያምራቸው ሰዎች አልነበሩም። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት አድርሰው፣ ቀን ዕቃ ጭነው የሚውሉ ባለ ቱርቦ መኪናዎች ባለቤቶች ናቸው። የሚፈልጉት ትንሽ ነው፤ ዳገት ላይ ማርሽ ሳይቀንሱ መውጣት።

ግርማ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ነው የምትውለው? ምን ትጭናለች?» ብሎ ነው። ቀጥሎ የሞተሩ ጤንነት ይታያል። የሲሊንደሮቹ ግፊት ይለካል፤ የአየር ቱቦዎቹ የሳሙና ውሃ ተቀብተው አረፋ የሚያወጣ ቦታ ይፈለጋል። ፍሬንና ራዲያተር ሳይታዩ ወደ ሌላ ሥራ አይኬድም። «ለታመመ ሰው ሸክም አይጨመርም» ይል ነበር።

ከዚያ አየር ማጣሪያው ይቀየራል፤ ከቱርቦው በኋላ ያለው የጭስ ቱቦ ሰፋ ባለ ይተካል፤ ቱርቦው ጨምቆ ያሞቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ተለቅ ባለ ይለወጣል። የቱርቦው ግፊት ጥቂት ከፍ የሚደረገው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የመጨረሻው ሥራ ናፍጣ መጨመር ነው። ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓ ጀርባ ላይ ትንሽ ብሎን አለች። እሷ ስትዞር ናፍጣው ይጨምራል፤ ጉልበቱም፣ ሙቀቱም አብረው ይጨምራሉ።

ግርማ ያቺን ብሎን ካስተካከለ በኋላ የእኔን ቀይ የጥፍር ቀለም ይቀበለኝና ከብሎኗ እስከ ፖምፓው ገላ ድረስ አንዲት ቀጭን መስመር ያሰምርባታል። ሌላ እጅ ከነካት መስመሯ ትቆረጣለች። የጋራዣችን ማኅተም ይህች ነበረች።

አንድ ሌላም ሕግ ነበረው። ወደ አርሲ የሚወጣ መኪና አዳማ ላይ ተሞክሮ አይለቀቅም። ከዴራ በኋላ መንገዱ ይወጣል፤ አየሩም እየሳሳ ይሄዳል። እዚህ ሜዳ ላይ የሚበቃው አየር እዚያ አይበቃም፤ ናፍጣው ግን አይቀንስም። የተረፈው ናፍጣ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ የጭስ ሙቀት መለኪያ ይገጠምለትና ጭነት እንደያዘ ሁሩታ ዳገት ላይ ይሞከራል። መለኪያ የነበረን አንድ ነው፤ ለሙከራ ገጥመን እንፈታዋለን።

ሐጂ አማን የሁሩታ እህል ነጋዴ ናቸው። ባለ ቱርቦ ናፍጣ ፒክአፕ አላቸው፤ ጠዋት የልጅ ልጆቻቸውን ታደርሳለች፣ ወደ አዳማ ስትወርድ ገብስ፣ ስትመለስ ሲሚንቶ ትጭናለች። መጀመሪያ የመጡ ቀን እንዲህ አሉ፦ «ግርማ፣ ዳገቱ ላይ ሚኒባስ ያልፈኛል። ማለፉስ ይሁን፤ ተሳፋሪው በመስኮት እጁን ያውለበልብልኛል! እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ይሄ ይገባኛል?»

ግርማ እየሳቀ «ሐጂ፣ መልሰው ያውለበልቡላቸዋል» አላቸው። ሥራው አንድ ሳምንት ፈጀ። ሁሩታ ድረስ ጭኖ ሞከራት፤ መስመሩን አሰመረ፤ ለቀቃት።

ከወር በኋላ ተመልሰው መጡ። «ጥሩ ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ትንሽ ይቀራታል» አሉ። ያን ቀን ግርማ መለዋወጫ ሊያመጣ ቢሾፍቱ ሄዷል። ነገ ይመጣል አልኳቸው።

«እኔ እዚሁ አዳማ እህል በረንዳ ደርሼ እመለሳለሁ። መኪናዋ እዚህ ትቆይ፤ ማን ያውቃል፣ ዛሬም ሊደርስ ይችላል» አሉኝ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው «አንቺ ልጅ፣ ከግርማ እጅ በቀር ማንም እንዳይነካት!» አሉ።

ክፋት አስበው የተናገሩት አይደለም። እኔ ግን ተናደድኩ። ግርማ ሲያዞር አጠገቡ ቆሜ ቁልፍ ሳቀብል ኖሬያለሁ፤ ራሴም በእሱ ፊት ብዙ ጊዜ አዙሬያለሁ። ኮፈኑን ከፈትኩ። ብሎኗን ሩብ ዙር አዞርኳት፤ ቀይዋ መስመር ለሁለት ተቆረጠች። መለኪያውን አልገጠምኩም። ባዶዋን ይዤ በወለንጪቲ መንገድ ሄድኩ። እንደ ወፍ በረረች፤ ናፍጣ ሲበዛ የሚታየው ጥቁር ጭስም የለም። ደስ አለኝ።

ሐጂ ሲመለሱ «ግርማ መጥቶ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ፤ አስተካክሏት ወጣ» አልኳቸው።

ውሸቴ ይህ ነው። ሐጂ ሁለት ቀን ነድተው ሲያመሰግኑ፣ ለግርማ «ያመሰገኑት የእኔን እጅ ነው» ልለውና አብረን ልንስቅ አስቤ ነበር። ስለዚህ ግርማ ሲመለስም ምንም አልነገርኩትም። ምስጋናውን እየጠበቅሁ ነበር።

በአራተኛው ቀን ፒክአፗ በገመድ ተጎትታ መጣች። ሲሚንቶ እንደጫነች ከሁሩታ ከፍ ብሎ ካለው ዳገት ላይ ቆማ ነው። ግርማ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አነሳው። የሦስተኛው ፒስተን አናት ቀልጦ ተበስቷል። ፒስተኑን ትንሽ አየውና ዞሮ ፖምፓውን አየ። የተቆረጠችውን ቀይ መስመር በአውራ ጣቱ ዳሰሳት።

ሐጂ ከኋላው ቆመው «ግርማ፣ ያን ቀን ነክተሃት ነው እንዲህ የሆነችው። እህል በረንዳ ሳለሁ ምን አደረግሃት?» አሉት።

ግርማ ቀና ብሎ አየኝ። አይኑ እኔ ላይ የቆየው አንድ ትንፋሽ ያህል ነው።

«አዎ ሐጂ፣ ቸኩዬ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ።

እኔ ጨርቅ ይዤ ቆሜ ነበር። ቁልፎቹን መጥረግ ጀመርኩ።

ሐጂ ሲወጡ ጠየቅሁት። እጁን በናፍጣ እየታጠበ ነበር። «ለምን እኔ ነኝ አልክ?»

«አንቺ ነሽ ብል ነገ ቁልፍ የሚሰጥሽ ማን ነው? ‹ሴት ነክታው ነው› ይላሉ፤ በዚያው ያልቃል። እኔን ተሳሳተ ይሉኛል፣ ከዚያ ይረሱታል።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ትነግሪያቸዋለሽ። መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳ።»

ሞተሩ ተነሳ። ግርማ ብቻውን አድሶ፣ ሁሩታ ድረስ ጭኖ ሞክሮ አስረከበ። እኔ አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ ቁጣቸው ይብረድ አልኩ፤ ቁጣቸው ሲበርድ ደግሞ የተረሳ ነገር ምን ይቀሰቅሰዋል አልኩ።

አልተረሳም። የሁሩታና የዴራ ደንበኞች አንድ በአንድ ቀሩ። ሻይ ቤት ስንገባ ሾፌሮቹ «ጋሽ ግርማ፣ ዛሬስ የፒስተን ጥብስ አለ?» ይሉታል። «አለ፣ ዳቦውን አንተ ይዘህ ና» ብሎ ይመልስላቸውና አብሮ ይስቃል። እኔ ብርጭቆዬን እያየሁ እጠጣለሁ። ቱታዬን ለብሼ ወደ ጋራዥ እመለሳለሁ፤ ሰዎች ቁልፋቸውን ለእኔ ይሰጡኛል፤ በሥራዬ ያመሰግኑኛል። ከተሳሳተው ባሏ እሷ ትሻላለች ያለም ነበር። እሱንም በጆሮዬ ሰምቼ ዝም ብያለሁ።

ግርማ በኩላሊት ታመመ። አንድ ዓመት ያህል ተኛ። ሆስፒታል አጠገቡ ተቀምጬ «ያንን የሐጂን ነገር ልናገረው ነው» አልኩት።

«አሁን እሱን ተይው። ያቺ ትናንት የገባችው መኪና፣ ቱቦዎቿን በሳሙና ፈትሸሻቸዋል?»

«ፈትሻለሁ።»

«የታችኛውንም?»

የታችኛውን አልፈተሽኩም ነበር። ሄጄ ፈተሽኩ። በዚያ ሳምንት መጨረሻ ሞተ።

ሐጂ አማን ለቅሶ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ከጋራዥ ሰዎች ጋር ተቀመጡ። ሲነሱ እጄን ይዘው «አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ። ቅን ሰው ነበር። ያቺን አንድ ቀን ቸኮለ እንጂ፣ እንደ እሱ ያለ መካኒክ የለም» አሉኝ። የተቀመጡት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ «አሜን» አልኩ። ባሌን በገዛ ለቅሶው ላይ ሳስወቅስ አሜን አልኩ።

አርባው ካለፈ በኋላ በሚኒባስ ሁሩታ ሄድኩ። ሐጂ መጋዘናቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ገብስ በመዳፋቸው እየዘረዘሩ ያያሉ።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ! ደህና ነሽ ልጄ፣ በሰላም ነው? ነይ፣ ተቀመጪ።»

አልተቀመጥኩም። «ሐጂ፣ የፒክአፗን ፖምፓ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ግርማ ያን ቀን ከቢሾፍቱ አልተመለሰም ነበር። ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው።

ገብሱን ጆንያው ውስጥ መለሱት። «እሱ ግን እኔ ነኝ አለኝ።»

«ለእኔ ብሎ ነው።»

ሐጂ የጆንያውን አፍ ጠቀለሉ። «የሞተሩ ነገር ይቅር። ብረት ነው፤ ታድሷል። እኔ ግን እዚህ አገር ለጠየቀኝ ሁሉ ግርማ ጋ አትሂዱ ብያለሁ። መስጊድ በር ላይ ሳይቀር ብያለሁ። በሕይወት ሳለ የሰውየውን ስም አበላሽቻለሁ። ወላሂ፣ አሁን ማንን ይቅርታ ልጠይቅ?»

«እኔን ይርገሙኝ፣ ሐጂ።»

«አንቺን ብረግም ለእሱ ምን ይጠቅመዋል?»

ተነሱና ከጎናቸው ያለውን መጋዘን ባለቤት ጠሩት። እህል እየመዘነ ነበር። የነገርኳቸውን ሁሉ በኦሮምኛ ነገሩት። ሰውየው አንድ እጁን ሚዛኑ ላይ እንዳደረገ ሰማቸውና በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማው፣ «የትኛው ግርማ?» አለ።

«የአዳማው መካኒክ ነዋ!»

«እ፣ ያ ፒስተን የሚያቀልጠው?»

«አላቀለጠም እኮ ነው የምልህ!» አሉ ሐጂ።

ሰውየው እኔን አየኝ፤ የሐዘን ልብሴን አየ። «ነፍሱን ይማር» አለና ወደ ሚዛኑ ተመለሰ።

አሁንም ጋራዥ ውስጥ ነኝ፤ የቱርቦ ሥራም እሠራለሁ። በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው ሁለት ነገር ነው። መኪናን በሚሠራበት አገር፣ በሚሸከመው ጭነት፣ በመለኪያ ሞክሩት። ጥፋታችሁን ደግሞ በዕለቱ ተናገሩ። እኔ ያን ቀን ብናገር ሐጂ ይቆጡኝ ነበር፤ ምናልባት ለተወሰነ ጊዜ ቁልፍ የሚሰጠኝ አላገኝም ነበር። ቆይቼ ስናገር ግን ለግርማ አልደረሰለትም።