የግራው መስኮት

ዘበኛው ዳኘው ብዙ እንግዳ አይቷል፤ ባዶ ክፍል ገብቶ የእጁን ጥላ የሚፈልግ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ግንቦት 1957 ነበር። ወጣቱ ከቡሬው አውቶቡስ ወርዶ፣ የኮቱን አቧራ ሳያራግፍ፣ ጥቅል ወረቀት በብብቱ እንደያዘ አዲሱ የፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት ገብቶ ዴስክ ላይ ተቀምጧል።

«ማንን ፈልገው ነው፣ ጌታዬ?»

«የሕንፃ ንድፍ ተማሪ ነኝ፣ አባቴ፤ የምማረው የብርሃንን ነገር ነው። መስኮቶቹ በግራ የሆኑት፣ ተማሪ ሲጽፍ የቀኝ እጁ ጥላ ደብተሩን እንዳያጨልምበት ነው።»

«ሕንፃውን የነደፉት ሰው ስም በሩ ላይ ተቀርጿል።»

«አየሁት። አስተማሪዬ ናቸው። ይህንኑ ንድፍ እንዲያርሙልኝ ብዬ በእጄ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»

ዳኘው የእንግዳ መዝገቡን ዘረጋለት። ወጣቱ ብዕሩን በግራ እጁ ያዘ። ስሙን ሲጽፍ የገዛ እጁ ጥላ ፊደሎቹን ሸፈናቸው።