ወደኋላ የማይዞሩት ወጌሻ

ጋሽ ጀላሉዲን እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሲሄዱ ከኋላ ቢጠሯቸው አይዞሩም። ጆሯቸው ደህና ነው፤ ሹክሹክታ እንኳ ይሰማሉ፤ በሹክሹክታዬ ስለያዙኝ አውቃለሁ። ግን አይዞሩም። ቀጥ ብለው ይቆሙና ጠሪው ዞሮ ፊታቸው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ነገሩ በ1988 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። መንገዱ ገና በአገራችን ስም አይጠራም፤ ምግብ ቤቶቻችን በጣት ይቆጠሩ ነበር፤ ለሐሜት ግን ከበቂ በላይ ነበርን። አንዱ «ጂኒ ይከተላቸዋል» ይላል፤ ሌላው «አገር ቤት ሰላይ ይከተላቸው ነበር፣ ልማድ ሆኖባቸው ነው» ይላል። እኔ ሁለቱንም እያሳመርኩ አከፋፍል ነበር።

ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ ወጌሻ ነበሩ። የወለቀ ይመልሱ፣ የተሰበረ በቀርከሃ ያስሩ ነበር። እዚህ ግን ሚድ ዊልሻየር ሰፈር በአንድ የነርሶች ትምህርት ቤት ወለል ያጸዳሉ። ጣቱ የወለቀ ሰው ቢለምናቸው «እጄን አቁሜያለሁ» ብለው ይሄዳሉ። ለምን? ይህን ሳላውቅ ብሞት ነፍሴ አታርፍም ነበር።

አንድ ከሰዓት ታክሲዬን ትምህርት ቤቱ ደጅ ፓርክ አድርጌ፣ ላደርሳቸው ጠበቅኋቸው። ሲቆዩብኝ ገባሁ። መወልወያቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ከብረት ዘንግ ላይ ከተንጠለጠለ የሰው አጽም ጋር ቆመዋል። ፕላስቲክ አይደለም፤ ያኔ እውነተኛውን ነበር የሚሰቅሉት። እጃቸው የአጽሙ ጭን ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን እንኳ ማሸት አያድነውም!» አልኩ ከበሩ።

አልሳቁም። «ግባና ሰላም በለው» አሉኝ። ሰላም አልኩት፤ ምን ላድርግ?

«ሰው ድንኳን ነው» አሉ። «ሥጋው ሸራው ነው፤ ምሰሶው ከተነሳ ክምር ጨርቅ ትሆናለህ። ይሄ ጎድን የልብህ አጥር ነው። ይሄ የራስ ቅል ደግሞ ለአእምሮህ ክዳን፤ ያንተ ባዶ ድስት ቢከድንም። አከርካሪው አንድ ወጥ ዘንግ ቢሆን ኖሮ ጎንበስ ብለህ አትሰግድም ነበር፤ ለዚህ ነው ቁርጥራጭ የሆነው። መቅኔው ውስጥ ደም ይሠራል ብለው ሲያስተምሩም ሰምቻለሁ።»

እጃቸው ወደ ጭኑ ተመለሰ።

«አርባ ዓመት አጥንት በቆዳ ላይ ዳስሻለሁ። ራቁቱን ያየሁት እዚህ ነው። የጭን አጥንት ቀጥ ያለ ዱላ ይመስለኝ ነበር። እየው፣ ከዘራ ነው። ከላይ ይታጠፋል። መታጠፊያው አንገቱ ነው፤ ስትቆም የሰውነትህን ሸክም የሚቀበለው እሱ ነው። ሥጋ ውስጥ ስለጠለቀ እጅ አያገኘውም። የኔም እጅ አላገኘውም።»

ወንድማቸው ኑሩ አገር ቤት ከበቅሎ ወድቆ ነበር። እግሩ አጥሮ፣ የእግሩ ጣቶች ወደ ውጭ ዞረው አገኙት። ዳሌው ወልቋል ብለው ጎተቱት። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ።

«የወለቀ ሲመለስ ድምፅ አለው። ጠበቅሁ፤ ቀረ። ዳሌ ሲወልቅ አብዛኛውን ጊዜ እግር ወደ ውስጥ ነው የሚዞረው። የኑሩ ወደ ውጭ ነበር። የጭኑ አንገት ተሰብሮ ነበር እኮ! እኔ ስብራቱን ነው የፈጨሁት።» እጃቸውን ከአጽሙ ጭን አነሱ። «ሁለት ዓመት በከዘራ ተጎትቶ ሞተ። ጎህ ሲቀድ ውዱእ ሊያደርግ ሲወጣ እሰማው ነበር። ጠቅ… ሸርተት። ጠቅ… ሸርተት። እዚህ ሲሚንቶው ላይ ደግሞ ይበልጥ ይሰማል።»

«እዚህ የት?»

«ከኋላዬ» አሉና መወልወያቸውን አነሱ።

ወደ ፌርፋክስ ስንመለስ የታክሲዬን የኋላ መስታወት ሦስት ጊዜ አየሁ። ወሬውን ለማንም አላወራሁም፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

ሁለት ወር ቆይቶ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ እትዬ ባንቺአየሁን ዘይት አንሸራተታት። ስልሳን ያለፈች፣ ምላሷ ከበርበሬዋ የማይተናነስ፣ አንዱን ምግብ ቤታችንን በእጇ ያቆመች ሴት ናት። ጩኸቷን ሰምተን ወጥ ቤት ስንገባ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ጋሽ ጀላሉዲን ውጭ ሻይ እየጠጡ ነበር፤ እየጎተትን አስገባናቸው።

«ሆስፒታል አልሄድም! ወረቀት የለኝም፣ አስረው ይልኩኛል!» ትላለች። «ጋሽ ጀላሉዲን፣ ይጎትቱኝና ይገላግሉኝ!»

ሁለት አስተናጋጆች ብብቷን ያዙ። እኔም ማንም ሳያዘኝ ቁርጭምጭሚቷን ያዝኩ። ወጌሻ ቤት ውስጥ እያለ አምቡላንስ መጥራት ለሁላችንም ነውር መስሎን ነበር።

ጋሽ ጀላሉዲን ተንበረከኩ። እጃቸው ዳሌዋ ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ቀረ። እግሯን አዩ። አጥሯል፤ ጣቶቹም ወደ ውጭ ዞረዋል። ከዚያ ቀና ብለው ከትከሻዬ በላይ በሩን አዩ። ዞሬ አየሁ፤ ማንም የለም።

«እግሯን ልቀቅ» አሉኝ።

«ልያዝልዎ እንጂ ጋሼ…»

«ልቀቅ አልኩህ! ከተጎተተች ሁለተኛ አትቆምም።»

እትዬ ባንቺአየሁ አንቱታውን ጣለችው። «አንተ ፈሪ! የወሎ ወጌሻ ሲሉህ አምኜ! ለካ ወለል ጠራጊ ነህ!»

«ነኝ» አሉ። ብርድ ልብስ ጠቅልለው በሁለቱ እግሮቿ መካከል አስገቡ፤ የታመመውን ከደህናው ጋር በነጠላዋ ቀስ አድርገው አሰሩት። «ደህናው ምሰሶ ይሁንለት» አሉ፤ ለማን እንዳሉ አላወቅሁም። ከዚያ እኔን፦ «ደውል።» አምቡላንሱ ሲመጣ አብረዋት ገቡ። እየተራገመች እጃቸውን አልለቀቀችም።

ሐኪሙ ራጁን ሲያሳየን አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፤ ግን ትርጉም አላስፈለገም። የከዘራው መታጠፊያ ተሰብሯል። «ስትወድቅ የጎተታት ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። የለም አልነው። «እግዜር ይመስገን» የሚል ዓይነት ፊት አሳየንና በብረት አያያዘው። ወረቀቷን የጠየቀ አልነበረም።

በሦስተኛው ወር ከጋሽ ጀላሉዲን ጋር ፌርፋክስ ላይ ስንሄድ ከኋላችን፦ ጠቅ… ሸርተት።

አሁንስ እኔም ሰማሁት። ጋሽ ጀላሉዲን ደርቀው ቆሙ።

«ኧረ ጋሽ ጀላሉዲን! ሰው ሲከተልዎት ዞር አይሉም?»

እትዬ ባንቺአየሁ ናት። ከዘራ ይዛለች፤ ግን ቆማለች።

ቀስ ብለው ዞሩ። መጀመሪያ ያዩት ፊቷን ሳይሆን እግሯን ነው። የእግሯ ጣቶች ወደ ፊት ያያሉ።

«ያን ቀን ተሳድቤያለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«ይለፉ እስቲ፣ አረማመድዎን ልይ» አሉ። ግድግዳው ድረስ ተጠግተው መንገድ ለቀቁላት። ጠቅ… ሸርተት እያለች አለፈች። እስከ መብራቱ ድረስ በዓይናቸው ሸኟት። ልከተላት ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ቆይ» አሉ፣ በመጣችበት በኩል ባዶውን የእግረኛ መንገድ እያዩ። «አንድ ሰው ይቀራል። እሱም ይለፍ።»

እኔም ግድግዳውን ተጠግቼ ለኑሩ መንገድ ለቀቅሁ።