በባዶ እግር የተመዘነ ፍሬን

በሠፈሩ «ባዶ እግሩ» እየተባለ የሚጠራው የፍሬን ባለሙያ ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ቅጽል ስሙን ያተረፈው ከድህነት አይደለም፤ የሠራውን ፍሬን ሲፈትሽ የቀኝ ጫማውን አውልቆ ስለሚነዳ ነው። ፔዳሉን ረገጥ ሲያደርግ የፊት ጎማዎች ቀድመው፣ የኋላዎቹ ለጥቀው መያዛቸውን በውስጥ እግሩ ካላረጋገጠ መኪና አይለቅም። ሲያረጋግጥ ግን የፊት ጎማው ላይ በጠመኔ አንዲት መስመር ያሰምራል፤ ከዚያች መስመር በኋላ የሚጠይቅ ደንበኛ የለም።

ባለፈው ሳምንት ሚስቱ ከውስጥ እግሩ ሚስማር ነቀለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ይህን ተሸክመህ የምትዞረው?»

«የቱን?» አላት።

ሚስማሩን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። የስኳር ሕመሙ እግሩን እንዳደነዘዘው ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ዛሬ የሚያስረክበው መኪና በዕድሜ ከእሱ ብዙም አያንስም። ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ሟች ባላቸው እንደ ዐይን ብሌን ይጠብቁት የነበረውን መኪና ለልጃቸው ሊሰጡ ነው። ልጅቷ ሁለት ሕፃናት ይዛ በገደሉ መንገድ ቁልቁል ትወርድበታለች። ስለዚህ የፊቱን አሮጌ የታምቡር ፍሬን አውጥቶ በደንብ የሚይዝ የዲስክ ፍሬን ገጠመለት፤ የኋላውን ታምቡር ግን አዲስ የፍሬን ሸራ አልብሶ እንደነበረ ተወው። የቀረው ማመዛዘን ነው፤ የኋላው ከፊቱ ቀድሞ ከያዘ፣ መኪናው ቁልቁለት ላይ እንደ እንዝርት ይሾራል።

የጋራዡ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው ታናሽ ወንድሙ በር ላይ ጠበቀው።

«ጋሼ፣ ዳር ቆሜ የትኛው ቀድሞ እንደሚይዝ ልይልህ?»

«አርባ ዓመት ሙሉ ማን ቆሞልኝ ነው?»

«እሺ በቃ! ያ እግርህ እኮ አንድ ቀን ሙዚየም ይገባል።»

ባዶ እግሩ አልሳቀም።

የቀኝ ጫማውን አውልቆ፣ ጭር ባለው መንገድ ላይ ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ረገጠ። መኪናው ሦስቱንም ጊዜ ቆመ። የትኛው ጎማ እንደቀደመ ግን እግሩ አልነገረውም፤ ከቁርጭምጭሚቱ በታች የተዋሰው የሰው እግር ይመስል ነበር። ወደ ጋራዡ ተመልሶ ከመኪናው ሲወርድ መምህርቷ ከልጃቸውና ከሁለቱ ሕፃናት ጋር ደርሰዋል።

«የልጅ ልጆቼን ላስቀምጥበት?»

«ያስቀምጡ፣ መምህርት።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ጠመኔውን አነሣና አሰመረ። ልጅቷ ሕፃናቱን ይዛ መኪናውን እየነዳች ወጣች።

ወዲያው ወንድሙ ጮኸ፦ «ጋሼ! እግርህ እየደማ ነው እኮ! ምን ረግጠህ ነው?»

ባዶ እግሩ ወደ ኋላ ዞር አለ። መኪናው ቆሞ ከነበረበት አንሥቶ እሱ አሁን እስከቆመበት ድረስ፣ ሲሚንቶው ላይ የአንድ እግር ቀይ ዱካ ተከትሎታል።

«አልተሰማህም?» አለ ወንድሙ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከጋራዡ እስከ ገደሉ አፋፍ ሃያ ደቂቃ ነው። የልጅቷ ስልክ ቁጥር በዚያው ጠመኔ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። እናንተስ፣ አርባ ዓመት የታመናችሁበት እግር እንደከዳችሁ ለመናገር ስንት ደቂቃ ይፈጅባችኋል?