በጎረቤት ስም የመጣው ኦርጋን

ትናንት ጠዋት አንድ ሞተረኛ በር ላይ ካርቶን አስረከበኝና ሄደ። ከውጭ አገር በኢንተርኔት ያዘዝኩት ማይክራፎን ነበር። ክዳኑን ስገነጥለው ውስጡ ያለው ነጭ ፎም ሲጥ አለ፤ የአዲስ ፕላስቲክ ሽታም ቤቱን ሞላው። ሽታው ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። እኔን ግን ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ዛሬ ስልኬን ነካ ነካ አድርጌ የማስመጣውን ነገር፣ ያኔ በትውልድ ከተማዬ በመካነ ሰላም ለማስመጣት ምን እንደፈጀ ላጫውታችሁ።

ጊዜው ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። እናታችን ከሞተች ቆይታለች፤ ታላቅ እህቴ ኩዌት ሰው ቤት ተቀጥራ አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ቤት የቀረነው አባቴና እኔ ነን። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ገበያው ዳር ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ከጧት እስከ ማታ ይረግጣል።

የትምህርት ቤታችን የኪነት ክበብ ውስጥ አንዲት አሮጌ ኦርጋን ነበረች። ያኔ ኪቦርድ የሚላት አልነበረም። ያመጧት መምህራችን ሲሆኑ የራሳቸው ንብረት ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጣቴን አፍታታሁባት፤ የአገራችንን ቅኝቶች አንድ በአንድ እየፈለግሁ አገኘሁባት። ከዚያ መምህሩ ወደ ኮምቦልቻ ሲዛወሩ ኦርጋኗም አብራቸው ተዛወረች። እኔ ደግሞ በአባቴ የመቁረጫ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ መለማመድ ጀመርኩ። «ጠረጴዛው ምን በደለሽ?» ይለኝ ነበር አባቴ፣ ቀና ሳይል።

የአንድ ለአምስት የጥናት ቡድናችን መሪ፣ ሒሳብ ከእኔ እየገለበጠ የሚያልፍ ጎረምሳ፣ «ሴት ልጅ ጭብጨባዋና ከበሮዋ ይበቃታል» አለኝ። ያን ዕለት ኦርጋን ሳይኖረኝ እንደማልሞት ለራሴ ማልኩ። ሞኝነት ነው ትሉ ይሆናል። እልህ ግን በዚያ ዕድሜ ከእንጀራ በላይ ያቆማል።

በዚያው ሰሞን የክፍላችን ሴቶች ወንበር አንድ በአንድ ባዶ ይሆን ጀመር። ቀድመው ለፓስፖርት ፎቶ ይነሣሉ፣ ቀጥሎ ደሴ ደላላ ዘንድ ይሄዳሉ፣ ከዚያ ወሬያቸው ከዓረብ አገር ይሰማል። እኔም ፎቶዬን ተነሥቼ ደብተሬ ውስጥ ደብቄ ነበር። እህቴ ስትደውል ነገርኳት።

«አሥረኛን ስጨርስ እመጣለሁ፣ እታለም። ሠርቼ ኦርጋን እገዛለሁ።»

ባልለመድኩት ደረቅ ድምፅ መለሰችልኝ። «ዕቃውን ምረጪ። እኔ እገዛዋለሁ። አንቺ ግን ወደዚህ እግርሽን እንዳታነሺ።»

የአገሩ ልማድ በሰው እጅ መላክ ነበር። ግን ከዓረብ አገር የሚመለስ ሰው ሻንጣ ለብርድ ልብስና ለሽቶ እንጂ ለኦርጋን ቦታ የለውም፤ እህቴ ሦስት ሰው ለምና ሦስቱም እምቢ አሏት። ስለዚህ አውሮፓ ካለ የሙዚቃ ዕቃ ሻጭ በኢንተርኔት ለመግዛት ቆረጥን። በከተማችን ከነበረችው አንዲት የኢንተርኔት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ እገባለሁ። የኦርጋኑ ፎቶ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ይወርዳል፤ ጥቁሮቹ ቁልፎች ብቅ ሲሉ መብራት ይጠፋል። ባለቤቱ ጄኔሬተሩን እስኪቀሰቅስ እጠብቅና እንደገና ከላይ እጀምራለሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ መርጬ የዕቃውን መለያ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ ለእህቴም በስልክ ፊደል በፊደል አነበብኩላት።

ሻጩ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠይቃል። የእኛ ቤት ከመስጊዱ ወረድ ብሎ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ይህን የሚቀበል ፎርም የለም። በትምህርት ቤታችን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይምጣ ተባባልን። እኔ መታወቂያ ስላልነበረኝ ተቀባዩ አባታችን እንዲሆን ተስማማን። የእህቴ አሠሪ የማዳሟ ልጅ ደግ ነበረች፤ ፎርሙን በእህቴ ስም ሞልታ በራሷ የባንክ ካርድ ገዛችላት።

ከዚያ በየቀኑ የትምህርት ቤቱን ጸሐፊ መጠየቅ ሆነ ሥራዬ። ሴትዮዋ ገና በሩ ላይ ስታየኝ እጇን ታወዛውዝ ነበር። አንድ ቀን ግን አላወዛወዘችም። «ወረቀት መጥቷል። ስሙ ግን የአባትሽ አይደለም» ብላ ሰጠችኝ። ደሴ ፖስታ ቤት ዕቃ መድረሱን፣ ተቀባዩ መታወቂያ ይዞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልወሰደው ወደ ላኪው እንደሚመለስ ይናገራል። የተቀባዩን ስም ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያጥራችን ማዶ ጎረቤት የሸኹ ስም ነበር፣ ከነአባታቸው።

ሸኹ ቁርኣን ያስቀራሉ። ከአባቴ ጋር አብረው ያደጉ፣ አጥራቸው አንድ፣ ጠባቸውም ሳቃቸውም አንድ ነው። እኛ ክርስቲያን ነን፤ ግን ለዒድም ለፋሲካም ያንዱ ልብስ በሌላው ቤት ሳይመረቅ አይለበስም ነበር። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም።

ሮጬ ለእህቴ ደወልኩ። «በማን ስም ነው ያስላክሽው?»

«በአባዬ ነዋ።»

«ወረቀቱ ላይ ያለው የሸኹ ስም ነው።»

«አፌ ነው» አለች። «የማዳሜ ልጅ ፎርሙን ስትሞላ የአባትሽ ስም ማነው አለችኝ። አፌ የለመደውን ተናገረ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ያኔ ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ የክርስቲያን ልጅ የእስላም ስም ታወጣለች። እህቴም አውጥታለች፤ አባቴ ይህን ያውቃል። «የሥራ ስም» ይለውና ቤት ውስጥ እንዲጠራ ግን አይፈቅድም። ያላወቀው ደላላው የአባቷንም ስም እንዳስለወጣት ነው። ደሴ፣ ደላላው ቤት፣ ከኋላዋ ሌሎች ልጆች ተሰልፈው «ቶሎ በይ» ሲላት የመጣላት የሸኹ ስም ነበር። አምስት ዓመት በዚያ ስም ስትጠራ ኖራለች።

«ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ በእናታችን አፈር» አለችኝ። «ዕቃው ይቅር። ይመለስ።»

«አይመለስም» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁት። በታላቄ ላይ ስልክ ስዘጋ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ያንኑ ቀን ማታ ልጆቹ ቁርኣናቸውን ቀርተው ሲበተኑ ሸኹ ዘንድ ገባሁ። በራፋቸው ላይ ልጆቹ የሚጽፉባቸው የእንጨት ሉሆች ተደርድረዋል፤ የተጠራረገ ቀለም ይሸታል። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«በኔ ስም?» አሉ።

«በርስዎና በአባትዎ ስም።»

ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ ደግሞ አስጠጉት። «ያ ረቢ» አሉ ቀስ ብለው። «አምስት ዓመት ሙሉ ልጅ ኖራኝ አላወቅሁም?» ፈገግ ያሉ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ሲሉ ግን ዓይናቸው ረጥቧል።

«ይሂዱልኛ፣ ሸኽዬ።»

«አባትሽ ሳያውቅ ከዚህ ደጃፍ አልወጣም። ሲያውቅ እሄዳለሁ። መታወቂያዬን አሳያለሁ፣ እፈርማለሁ። ግን ልጄ፣ ውሸት አልናገርም። ልጅህ ናት ወይ ካሉኝ ወላሂ አይደለችም ነው የምል።»

«ኦርጋኑስ? አይከፋዎትም?»

«አልመታው። መሸከም ሐራም ነው ያለኝ የለም» አሉ።

ለአባቴ ለመንገር ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በሦስተኛው ቀን በረንዳው ላይ ሱሪ ሲያሳጥር አጠገቡ ቆሜ እንደ ትምህርት ቤት ንግግር በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት። እግሩ መርገጫው ላይ ቆመ። መኪናው ዝም ሲል ገበያው ሁሉ የሰማን መሰለኝ።

«ማን አባት ብላ?» አለ።

ደገምኩለት። ክሩን በጥርሱ በጠሰው። መርፌው ውስጥ መልሶ ሊያስገባ ሞከረ፣ ሳተው፣ ደግሞ ሳተው። «ስሜ ምን አደረጋት?»

«ደላላው ነው፣ አባዬ። ፈርታ ነው።»

«ከፈራች እኔን ነበር መጥራት።»

ያኔ ማዘንና ዝም ማለት ነበረብኝ። ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ሌላ ነገር አልታየኝም፤ ቀኑ እየሄደ ነበር። ከደብተሬ ፎቶዬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ካልሄድን ዕቃው ይመለሳል። ዕቃው ከተመለሰ እኔም እሄዳለሁ። ለኔም ደላላው አባት ያወጣልኛል» አልኩት። ባፈሩት ልጅ መመታት ማለት ያ ነው። አባቴ ፎቶውን አየ፤ መኪናው መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ሱሪውን ማሳጠር ቀጠለ።

በማግሥቱ ገና ሰማዩ ሳይገልጥ ድምፁ ቀሰቀሰኝ። አጥሩ ሥር ቆሞ ወደ ማዶ ይጣራል። «ተነሥ እንጂ አንተ ሰው፣ መኪናው ሊያመልጠን ነው።»

ሦስታችን ሄድን። አውቶቡሱ በኮረኮንቹ እያንገጫገጨ አቀስታ ላይ ለምሳ ቆመ። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ሥጋ ስለማይበላ እንደ ሁልጊዜው ሽሮ አዘው ከአንድ ትሪ በሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ አዝመራ አወሩ። ስለ ወረቀቱ ግን አንድም ቃል አልወጣቸውም። ሸኹ ጎርሰው ሲጨርሱ አባቴን በስርቆት ያዩታል፤ አባቴ ደግሞ ወደ መንገዱ ያያል።

ደሴ አድረን ጧት መስኮቱ ጋ ደረስን። ሠራተኛዋ መታወቂያውንና ወረቀቱን አስተያየች፤ ስም ከስም፣ አባት ከአባት ገጠመ። ትልቁ ካርቶን ከኋላዋ ግድግዳ ተደግፎ ይታየኛል። ቀረጡን ከፈልን። ማኅተሙን አነሣች፤ ልትመታ ብላ ቆመችና ደረሰኙ ላይ ያለውን የአዛዧን ስም አየች።

«በስምዎ ነው የምትጠራው። ልጅዎ ናት?»

ሸኹ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። መሬት መሬት አዩ። እኔ ካርቶኑን አየሁ፤ ሸኹ ዋሽተው እንደማያስለቅቁልኝ ገባኝ። ሰው አለመዋሸቱን ስጠላ ያ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው። አባቴ ከኋላችን ነበር የቆመው። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ መስኮቱ ቀረበ።

«ልጃቸው ናት» አለ። «ኩዌት ነው ያለችው።»

ሠራተኛዋ ቀና እንኳ ሳትል ማኅተሙን መታች። ሸኹ ለመፈረም ብዙ ቆዩ።

ውጭ ስንወጣ ካርቶኑን ሁለቱ ወዲህና ወዲያ እንደያዙት ሸኹ፣ «እኔ ልተርፍ አንተን አስዋሸሁህ» አሉት።

«ባንተ ስም ስትጠራ ክፉ አላገኛትም» አለ አባቴ። «ሌላ ምን ልበል?»

ኦርጋኑ በዚያ ዓመት የትምህርት ቤቱን በዓል መራ፤ ከዚያ እኔን ወደ ሠርግ፣ ከዚያ ወደ ደሴ፣ ከዚያ ወደ ራሴ ትንሽ ስቱዲዮ መራኝ። ዓረብ አገር አልሄድኩም። እህቴ ለአባታችን ለቅሶ እንጂ ለቀብሩ አልደረሰችም፤ አባቴ እሷ ከመመለሷ በፊት አርፏል። ሸኹም ተከተሉት። ዛሬ እህቴ ከእኔ ጋር ናት፤ ስለ ኦርጋኑ ስናወራ ሁለታችንም ወደ አንድ እሑድ እንመለሳለን።

ከደሴ በመጣን በሳምንቱ ነው፤ እህቴ ደወለች። ዕቃው መምጣቱን ነግሬያታለሁ፣ እንዴት እንደመጣ ግን አልነገርኳትም። ሰላም ሳልላት አባቴ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ተቀበለኝ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ እቤታችን ተጠርቶ በማያውቀው በዚያ በሥራ ስሟ፣ የሸኹን ስም ጨምሮ፣ ቀስ ብሎ በሙሉ ስሟ ጠራት።

አባቴ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ጠበቀ። እኔም ተጠግቼ ጠበቅሁ።

«አቤት፣ አባዬ» አለች።