ሁለተኛው ደም

ተመራማሪዋ መጀመሪያ ጓንት አጠለቀች፤ በላዩ ሌላ ጓንት ደረበች። ከበረዶ ሳጥኑ አንዷን የታማሚ ደም ብልቃጥ አወጣችና በመዳፏ ይዛ እስክትቀልጥ ጠበቀች፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ ቀስ አድርጋ ገለበጠቻት። የፈሳሽ መሳቢያዋን የፒፔቷን ራስ በአውራ ጣቷ ተጭና ጫፏን ከደሙ ውሃ ውስጥ ነከረች፣ ጣቷን በዝግታ ለቀቀች። የሳበችውን ዘጠና ስድስት ጉድጓድ ባላት የፕላስቲክ ሳህን፣ በመጀመሪያው ጉድጓድ ግድግዳ ላይ አሳረፈችው፤ መሀል ላይ ከጣሉት አረፋ ይሠራል። ከመጀመሪያው ግማሹን ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ግማሹን ወደ ሦስተኛው፤ እንዲህ እያቀጠነች እስከ ስምንተኛው ሄደች። ጫፏን ጣለች፣ አዲስ ሰካች፣ ስም ሳይሆን ቁጥር ብቻ የተጻፈባት ሌላ ብልቃጥ አነሳች።

አርባ አንድ ሰው፣ አራት ሳህን፣ አንድ ሙሉ ቀን። አንዲት ጠብታ ያለቦታዋ አልወደቀችም። አጥባ፣ አሙቃ፣ መልሳ አጥባ የመጨረሻውን ፈሳሽ ስትጨምር ሳህኖቹ እንደ ዝናብ ውሃ ጥርት ብለው ቀሩ። ሰውነት ቫይረስን ሲዋጋ የሚያመርተው መከላከያ በደሙ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ቢጫ ይሆኑ ነበር። ቅጹ ላይ «አልተገኘም» ብላ ጻፈች፤ ፈረመች።

እጇ እንከን አልነበረበትም። በቅጹ ላይ ግን «ሕመሙ የጀመረበት ቀን» የሚል ሳጥን አለ። ክሊኒኩ አርባ አንድ ጊዜ ባዶውን ልኮታል፤ እሷም አርባ አንድ ጊዜ አልፋው ሄደች።

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። በቴክኒሻንነት ገብታ፣ እየሠራች ተምራ፣ የቫይረስ ክፍሉ ተመራማሪ ከሆነች ገና ሁለተኛ ዓመቷ። ቫይረሱን ራሱን ከደም ውስጥ ፈልጎ የሚያወጣው መሣሪያ ለላቦራቶሪው ገና የወረቀት ላይ ጥያቄ ነበር። ከገበያው በታች ባለው ሰፈር ሰው በትኩሳት እየወደቀ፣ ሽፍታ እየወጣበት፣ መገጣጠሚያው እየተቆለመመ ነው። ወባ አይደለም፤ ተመርምሯል። ሐኪሞቹ ሁለት ነገር ጠርጥረዋል፦ ወይ በቢንቢ የሚተላለፍ ቫይረስ፣ ወይ የቧንቧው ውሃ። የእሷ ወረቀት ሲደርስ ጤና ቢሮው ጊዜ አላጠፋም። ቫይረስ ካልሆነ ውሃው ነው አለና ቧንቧውን ዘጋ። ውሃ በየሦስት ቀኑ በቦቴ መታደል ጀመረ።

ቧንቧው በተዘጋ በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ እዚያው ሰፈር የምትኖረውን ታላቅ እህቷን ልትጠይቅ ወረደች። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስትቆጣም ስትስቅም እጇ ሥራ አይፈታም። ያን ቀን ግን የስፌት መኪናው ተሸፍኖ፣ እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች።

«እንዳትጨብጪኝ» አለች እህቷ። «መቀስ መያዝ እንኳ አቅቶኛል።»

«እትዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ምን ልታደርጊልኝ? አንቺ ሥራ ላይ ነሽ። ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ፤ አንዷ የላቦራቶሪ ሊቅ አይታ ምንም የለም ብላለች አሉኝ።»

ሊቋ ጎንበስ ብላ የእህቷን ጣቶች አየች። «መቼ ነው የጀመረሽ?»

«የዛሬ ሦስት ሳምንት ገደማ፣ ሰኞ ጠዋት።»

«ደም የሰጠሽውስ?»

«ሰኞ ነዋ። እስክሞት ልጠብቅ?»

ተመራማሪዋ ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። ሰውነት መከላከያውን ሠርቶ ደም ውስጥ እስኪያስገባ አምስት ስድስት ቀን ይፈልጋል። ታማሚ ደግሞ ትኩሳቱ እንደያዘው ነው ወደ ክሊኒክ የሚሮጠው። በመጀመሪያው ቀን ደም ላይ መከላከያ መፈለግ፣ ጨርቁ ሳይቆረጥ ልብሱ አልቋል ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው። «አልተገኘም» ያለችው ነገር «ገና ነው» መባል ነበረበት።

ወደ ጓሮ ወጣች። በርሜል፣ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ የተቆረጠ የዘይት ቆርቆሮ፤ ቧንቧው ስለተዘጋ ሰፈሩ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ሞልቶ አስቀምጧል። በርሜሉ ላይ ጎንበስ አለች። እንደ ተቆራረጠ ክር የመሰሉ ትናንሽ ትሎች ይወራጫሉ፤ የቢንቢ እጮች ናቸው። ሐኪሞቹ የጠረጠሯት ቢንቢ በቀን ትነክሳለች፤ የምትራባውም ጥላ ውስጥ በተቀመጠ ንጹሕ ውሃ ላይ ነው። ሰፈሩን ከበሽታ ያድናል የተባለው ውሳኔ በየጓሮው ቢንቢ እያረባ ነበር፤ ከውሳኔው ጋር የተያያዘው ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ የእሷ ነው።

ሰኞ በጠዋት የክሊኒኩን መዝገብ ገለበጠች። ሠላሳ ስድስቱ ደም የሰጡት ሕመሙ በጀመራቸው በሦስት ቀን ውስጥ ነው፤ የቀሩት በአራተኛው ቀን። መዝገቡን በብብቷ ሸጉጣ የላቦራቶሪው ኃላፊ ቢሮ ገባች።

«ዶክተር፣ ውጤቴን ላንሳ።»

ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «የተፈረመ ውጤት እንደ ቲማቲም አይመለስም። ዓርብ የጤና ቢሮው ስብሰባ አለ። ቧንቧው ለሁለት ወር እንዲዘጋ ሊወስኑ ነው። ተሳስቼ ይሆናል ብለሽ ብትቆሚ ወረቀትሽን ይዘው ያስቀምጡሻል። ተሳስቻለሁ፣ ማስረጃውም ይኸው ካልሽ አጠገብሽ እቆማለሁ።»

ማስረጃው ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ የእነዚያው ሰዎች ሁለተኛ ደም። ከአንድ ሰው የተወሰደ የፊትና የኋላ ደም ጎን ለጎን ተመርምሮ የኋላው መከላከያ አራት እጥፍና ከዚያ በላይ ካደገ፣ ለክርክር ቦታ የለም። አሁን ግን ሰዎቹ ድነዋል፤ የዳነ ሰው መርፌ አይናፍቀውም።

የበረዶ ሳጥኗን አንግታ በር ለበር ጀመረች። ገሚሱ ሥራ ላይ ነው፣ ገሚሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። አንድ ድንጋይ ጠራቢ በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆመ።

«እህቴ፣ እኔ ድኛለሁ። የዳነ ሰው ደም ምን ይሠራልሻል?»

«ጋሼ፣ የምፈልገው የዳነውን ነው። ምን እንደነበረ የሚነግረኝ እሱ ነው።»

«ስታመም አንድ ብልቃጥ ወሰዳችሁ። ስድን ሌላ ብልቃጥ። ስሞት በጀሪካን ልትወስዱ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ደረሰች፤ አላስችል ብሏት ነው የተከተለችው። «አንተ ሰውዬ፣ ቢንቢዋ ሳትጠይቅህ ስትጠጣህ ዝም ብለህ፣ ይቺ ብትጠይቅህ ትከራከራለህ? እጅህን አምጣ። እኔ ዛሬ ጠዋት ሰጥቻለሁ፤ ይኸው ቆሜ እየሰደብኩህ ነው።»

ጠራቢው ሳቀ፤ እጅጌውንም ሰበሰበ። ከዚያ በኋላ እህቷ እየቀደመች በሩን ታንኳኳለች፣ እሷ ትቀዳለች። አንዷ ሴትዮ ከልብስ ሰፊዋ ምላስ መርፌው ይሻለኛል ብላ እጇን ሰጠች። እስከ ረቡዕ ማታ ሃያ ስድስት ብልቃጥ ሞላ።

ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ጀምራ የእያንዳንዱን ሰው የፊትና የኋላ ደም በአንድ ሳህን ላይ ጎን ለጎን ደረደረች። ፈሳሹን ስትጨምር የፊቱ ረድፍ እንደ በፊቱ ጥርት ብሎ ቆየ፤ የኋላው ከዳር ጀምሮ ቢጫ እየሆነ እስከ ስድስተኛው፣ እስከ ሰባተኛው ጉድጓድ ሄደ። አላመነችውም። እስከ ማታ እንደ አዲስ ሠራችው። ለሦስተኛው ቆጠራ ቁጥሮቹን ሸፍና ሳህኖቹን ለኃላፊው ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ቆጥረው እሷ ካገኘችው ቁጥር ላይ ደረሱ። ከሃያ ስድስቱ ሃያ ሦስቱ።

«እንግዲህ ዓርብ ክራቫት ማሰሬ ነው» አሉ ኃላፊው።

ስብሰባው ላይ ሰብሳቢው ሁለቱን ወረቀቶች አስተያዩ። «ያን ጊዜ አልተገኘም ያለው ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ተገኘ የሚለውስ?»

«እሱም እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሰዎቹ በስንተኛው ቀን ደም እንደሰጡ አልጠየቅኩም። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ሰፈሩ የእኔን ስሕተት እየከፈለ ነው።»

ኃላፊው በክራቫታቸው ታንቀው አጠገቧ ቆመው ነበር። የሚጨምሩት ነገር ካለ ሲጠየቁ፣ «የለኝም፤ ሁሉን ተናግራዋለች» አሉ። በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ ቧንቧው ተከፈተ። በርሜል ተደፋ፣ ያልተደፋው ክዳን ተሠራለት። በቀን እስከ ሠላሳ አዲስ ታማሚ ይቀበል የነበረው ክሊኒክ በስድስተኛው ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ሰው ይቀበል ጀመር።

ጥናቱን ስታሳትመው ስሕተቷን ከግርጌ ማስታወሻ አልሸሸገችውም፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው ያለው። ቅጹ እንደ አዲስ ተሠራ፤ የመጀመሪያው ሳጥን «በስንተኛው ቀን?» የሚል ሆነ፣ ባዶውን የመጣ ብልቃጥም ተመላሽ ነው። ነርሶቹ ከዚያ ወዲህ ስሟን ትተው «ስንተኛ ቀን» ይሏታል። ኮሪደሩ ላይ ስትታይ «ስንተኛ ቀን መጣች፣ ቅጽ ሙሉ» ይባባላሉ፤ እሷም ሰምታ እንዳልሰማ ታልፋለች፣ ደስ ግን ይላታል። ከዚያ ወዲህ ሃያ አራት ዓመት ሠርታለች። የሦስት ወረርሽኞችን ምክንያት ለይታለች፤ ከእሷ እጅ የወጡ ከስልሳ በላይ ቴክኒሻኖች በየሆስፒታሉ አሉ። እህቷም የጥናቱን ሠንጠረዥ ሱቋ ውስጥ ለጥፋ፣ አሥራ ሰባተኛውን ረድፍ በጠመኔ ከባዋለች። «ይሄ እኔ ነኝ» ትላለች ለደንበኛ ሁሉ፣ ልኩን እየወሰደች። «ሳይንስ ውስጥ አለሁበት።»

ተመራማሪዋ ስለ ሥራዋ የሚጠይቃት ጋዜጠኛ ሲመጣ ስለ ሽልማት አታወራም። አንባቢን የምትለምነው አንድ ነገር ነው፦ «ትኩሳት ሲይዛችሁ የጀመራችሁን ቀን ያዙና ንገሩን። ከዳናችሁ በኋላ ለሁለተኛ ደም ስንጠራችሁ ደግሞ፣ ምንም ባያማችሁ፣ ሥራ ቢበዛባችሁም፣ እባካችሁ ተመለሱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ።»