ባለሦስት እግሩ ብረት

ባለቤቴ የቡሬ ሕዝብ እንደራሴ ሆነው አዲስ አበባ ምክር ቤት ይቀመጡ በነበረበት ዘመን ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ ወንበር ነበር። እኔ ግን አብሬያቸው የኖርሁ ነኝና አውቃለሁ፤ እሳቸው የሚሳሱለት መቀመጫ ሌላ ነው። በየወሩ በሃያ አንድ የማርያም ማኅበራችን ሲሰበሰብ፣ ሙሴ ከምንላቸው ከማኅበሩ አለቃ ቀጥሎ ያለችው መደብ የእሳቸው ነበረች። ከምክር ቤቱ ስብሰባ ቀርተው ያውቃሉ። ከማኅበሩ ግን ላለመቅረት ከአዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ አቧራ ለብሰው ይመጡ ነበር።

ከአጥቢያ ዳኝነት ተነስተው ነው ለእንደራሴነት የበቁት። ሲወዳደሩ የምርጫ ምልክታቸው ማረሻ ነበረ፤ ገበሬውም ማረሻውን አይቶ መረጣቸው። "አንቱ እኮ ሞፈር ከጨበጡ ስንት ዘመንዎ" እያልሁ እተርባቸው ነበር። ይስቁ ነበር፤ ቀልዴን ይወዱልኛል።

አንድ ዓመት ኅዳር ሲገባ እንግዳ ይዘው መጡ። ሰውየው በአገሩ በቤልጅግ እንደ እሳቸው የምክር ቤት አባል ነው። ለጉብኝት መጥቶ "ገጠሩን ሳላይ አልመለስም" ብሎ ኖሯል። በእኛ አገር ቤልጅግ ሲባል የሚታወቀው ጠመንጃው ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ የጠመንጃውን አገር ሰው ሊያይ ደጃችን ላይ ተሰበሰበ። እንግዳው ግን ራሰ በራ፣ ለስላሳ፣ በርበሬው እንባውን እያወረደው ዶሮዬን የጨረሰ ሰው ነበር። ወደድሁት።

ከፍኖተ ሰላም የመጣ አስተማሪ እየተረጎመለት ታሪኩን አጫወተን። አባቱ ላም አርቢ ነበሩ። እሱ በወጣትነቱ የመንደሩ ወተት ማከማቻ ጸሐፊ ሆነ፤ ቆይቶ መንደሩ ሹሙ አደረገው፤ ከዚያ ምክር ቤት ገባ። ታዲያ አንድ ጊዜ ትንንሾቹ የወተት ማከማቻዎች ይዘጉ የሚል ሕግ ሲቀርብ ደግፎ እጁን አነሳ፤ ለመንደሩ ሰው ሳይነግር ቀረ። ሰዎቹ ነገሩን ከጋዜጣ ሰሙት፤ በሚቀጥለው ምርጫም ጣሉት።

"የተቀየሙኝ እጄን በማንሳቴ ብቻ አይደለም፤ ከአፌ ባለመስማታቸው ነው" አለ። "መልሰው እስኪመርጡኝ ድረስ በየእሑዱ ቤታቸው እየሄድሁ ስሰደብ ኖርሁ።"

እሱም ሳቀ፣ አስተማሪውም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ባለቤቴ ግን የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡና እጃቸውን ታጠቡ። ጠግበው ነው ብዬ አለፍሁት።

የዚያን ሰሞን አገሩ ረግቶ አልነበረም። አዲስ የእርሻ ግብር ሕግ ወጥቶ፣ "ከግብሩ አስከትለው መሬታችንን ሊለኩት ነው፤ ከተለካ ደግሞ ርስታችን ከእጃችን ወጣ" የሚል ወሬ ከዳሞት እስከ ቡሬ ይናፈስ ነበር። በርስቱ የመጡበት የጎጃም ገበሬ ደግሞ ዘመድ አያውቅም።

በማግስቱ እንግዳው ከባለቤቴ ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጣ። ፎቶግራፍ ማንሻውን የሚያቆምበት ባለሦስት እግር ብረት ነበረው፤ በአንድ እጅ የሚነሳ ቀላል ነገር ነው። እሱን ተክሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ጤፉ ማሳ ተመለከተ። ከታች የሚያጭዱት ሰዎች ቀና ሲሉ ያዩት ፈረንጅ ነው፣ የቆመ ብረት ነው፣ አጠገቡ ደግሞ የገዛ እንደራሴያቸው። ቀያሽ ማለት ለእነሱ ይኸው ነው። አጨዳውን ትተው ወደየቤታቸው ገቡ።

እንግዳው ምንም ሳያውቅ ተሰናብቶን ሄደ። ጅረት ሲሻገሩ የብረቱ አንድ እግር ተጣሞ ስለነበር እሱን ትቶልን ነው የሄደው።

ኅዳር ሃያ አንድ ማኅበሩ በጎረቤታችን ቤት ነበር። ጽዋውን ተቀብለን የሚቀጥለውን ወር የምንደግሰው እኛ ነን፤ ጌሾውን ሳይቀር አሰናድቻለሁ። ጸሎቱ ሲያበቃ ባለቤቴ ነጠላቸውን አደግድገው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ሙሴው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩአቸው ጽዋውን በሌላው ጎናቸው ለተቀመጠው ሰው ሰጡት።

"መሬት ያስለካ ሰው ቤት ጽዋ አይገባም" አሉ፤ በቀስታ ነው ያሉት።

የባለቤቴ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ከእፍረቱም ንዴቱ ባሰብኝ።

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ሽማግሌ ፊት ይቆማል፤ ይቅር ሲሉት ያወርዱለታል። ቤት እንደገባን "ምናለ ድንጋይዎን ተሸክመው ይቅርታ ቢጠይቁ" አልኋቸው።

"ድንጋይ ከተሸከምሁ እኮ አስለክቻለሁ ማለቴ ነው። ያላደረግሁትን?"

"ካልተሸከሙስ?"

"ያኔ ደግሞ ናቀን ይሉኛል" ብለው ተከናንበው ተኙ።

በሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፣ ባለቤቴ በድንጋዩ ፋንታ ያንን ብረት በጫንቃቸው ተሸክመው ገቡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜያለሁ። ብልሃታቸውን ሳይ ኮራሁ።

"ጥፋተኛው ይኸውላችሁ" አሉ። "የፎቶግራፍ ማንሻ ማቆሚያ ነው። እናንተው መርምሩት።"

ብረቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ሊቀመጥበት ሞክሮ ለጥቂት ከመውደቅ ተረፈ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሙሴው ግን አልሳቁም።

"ብረቱስ ይሁን፣ ንጹሕ ነው" አሉ። "ግን እንዲያው ልጠይቅዎ። ያ የግብር ሕግ ሲወጣ አንቱ እጅዎን አንስተዋል?"

ሳቁ ቆመ። ይህን ጥያቄ እኔ አንድ ቀን አንስቼባቸው አላውቅም፤ የማረሻው ሰው ይህን አያደርጉም ብዬ አምኛለሁ። ያ የተመለሰ ጉርሻ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

"አንስቻለሁ" አሉ። "ሁሉም ሲያነሳ አነሳሁ። በመጣሁ ቁጥር ልነግራችሁ እልና ፊታችሁን ሳይ እተወዋለሁ።"

ማንም ሳያዛቸው ወጡ፤ ከቅጥሩ ሥር ድንጋይ አንስተው ጫንቃቸው ላይ አድርገው ተመልሰው ቆሙ። ሙሴው ተነሱና "ይቅር ለእግዚአብሔር" ብለው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱላቸው።

በሚቀጥለው ወር ጽዋውን ተቀበልን። በቀጣዩ ምርጫ ግን ጣሏቸው፤ እኔም አልፈረድሁባቸውም።

ያን ሰንበት ወደ ቤት ስንመለስ ጫንቃቸው ተልጦ አይቼ "ድንጋዩ ከበደዎት?" አልኋቸው።

ነጠላቸውን ጫንቃቸው ላይ ሳብ አድርገው መለሱልኝ። "የከበደኝስ ብረቱ ነበር።"