በዳባት ገበያ አጥር ላይ የሣልናቸው ሸክላ ሠሪዎች

ደባርቅ ላይ የሥዕል ማኅበራችንን ስናቋቁም ሥራችን ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት ይቸግረኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይሣላል፤ ሆቴል በር ላይ ዋልያ ይሣላል። የሰፈሩ ሰው ራሱ መርጦ በአደባባይ ግድግዳ ላይ የሚያሥለው ሥዕል ግን አልተለመደም። መምህርነቴን ትቼ የማኅበሩ መሪ ስሆን እናቴ፣ «ግድግዳ ለመቀባት ነው ሥራሽን የምትለቂው?» አለችኝ።

ቀለም ከመበጥበጣችን በፊት ከአካባቢው ሰው ጋር ቁጭ ብለን ምን እንሣል ብለን እንጠይቃለን። የዳባት ገበያ አጥር ሲፈቀድልንም እንዲሁ አደረግን። አንዱ የገብስ አዝመራ አለ፣ ሌላው የበየዳ በጎች። ጌሾ ሲሸጡ ያረጁ አንዲት እናት ግን፣ «ሸክላ ሠሪዎቹን ሣሏቸው» አሉ።

«የትኞቹን እማማ?» አልኋቸው።

«ቤተ እስራኤሎቹን ነዋ። ድስትና ምጣድ ተሸክመው ይመጡ የነበሩትን። እነሱ ወደ እስራኤል ከሄዱ ወዲህ እንደዚያ ያለ ድስት አላየሁም።»

አንድ እህል ነጋዴ፣ «የሄደ ሰው እዚህ ምን ይሠራል? ደግሞ ስለነሱ የሚባለውን ሁላችንም እናውቃለን» አለ። እኔም ሰምቼዋለሁ። ዓይናቸው ሰው ይበላል እየተባለ ነው ያደግነው።

«ዕድሜ ልኬን በድስታቸው ስበላ ኖርሁ» አሉ እናቲቱ። «አንድ ቀን የነካኝ የለም።»

ሁሉም አብረውን ወደተቀመጡት ቄስ ዞረ። ቄሱም፣ «ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ቢሣሉ ምን ነውር አለው?» አሉ። ነጋዴው ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

ሦስት ሴቶች ሣልን። ድስቶቻቸውን ደርድረው መሀል ገበያ ተቀምጠዋል፣ ገዢው ከቧቸዋል። ሥዕሉ ባለቀ በሳምንቱ ማን እንደሆነ ያላወቅነው ሰው ፊታቸውን ጭቃ ለቀለቀው። አጠብነው። ደግሞ ለቀለቀው፤ ደግመን አጠብነው። የቀባው ሰው ሰለቸው መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ተወው።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። ዝናብ ያደበዘዘውን ቀለም ሳድስ አንዲት ጎልማሳ ሴት ከወጣት ልጇ ጋር መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ከእስራኤል የትውልድ ቀዬዋን ልታይ እንደመጣች ነገረችኝ። አማርኛዋ የእኛው አገር አማርኛ ነው። ሥዕሉን ብዙ አየችው።

«እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር» አለችኝ። «የምትቀመጠው ግን መሀል ገበያ አልነበረም።» ከአጥሩ ውጭ፣ ወደ ቦዩ ዳር በእጇ አመለከተችኝ። «እዚያ ነበር፣ ለብቻዋ። እነሱም አይነኩንም፣ እኛም አንነካቸውም። ገዢው ገንዘቡን መሬት ላይ ያስቀምጥላታል፣ እሷ ታነሣለች።»

እጄ ላይ ብሩሹ ደረቀ። ማንንም ላለማስቀየም ብለን ሳይሆን፣ እንዲያ ቢሆን ደስ ስለሚለን ነበር መሀል ያደረግናቸው። የተጠየቁት ሁሉ በመሀል ይቀመጡ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ዳር የነበሩትን የጠየቀ አልነበረም፤ አገር ውስጥም አልነበሩም።

«ልናስተካክለው እንችላለን» አልኋት። «አንቺ እንዳየሽው አድርገን።»

«ተዪው» አለች። «ከእናቴ ጋር ብዙም አይመሳሰሉም፣ ግን በክብር ነው የተቀመጡት። ልጄን እዚያ ወስጄ ቦታውን አሳያታለሁ።»

የልጇን እጅ ይዛ ተሻገረች። ቦዩ ዳር ቆመው ሲነጋገሩ አየኋቸው፤ የሚሉት አይሰማኝም። ልጅቷ ጎንበስ ብላ መሬቱን በመዳፏ ነካችው።

እኔም ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ምን እንሣል ብዬ ከጠየቅሁ በኋላ አንድ ሌላ ጥያቄ እጨምራለሁ። «ዛሬ እዚህ ያልመጣ ማን አለ?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ሰዉ እርስ በርሱ ይተያያል፣ ከዚያ አንዱ ቀስ ብሎ መናገር ይጀምራል።